ፈድሉ ያልጻፈው መስመር

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ
ዓርብ፣ መጋቢት 20 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለአባቴ፣ ለአባባ ኑሬ፤

አሰላሙ አለይኩም። ጾሙ ጉልበትዎን እንዳልፈተነው፣ ክሩም በመርፌው ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ እየገባልዎ እንደሆነ አላህን እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ኢስሀቅ ይባላል፤ አየር መንገድ የሚሠራ የጎረቤታችን ልጅ ነው። በፖስታ የሚሄደው ተከፍቶ ይደርሳል፤ በእሱ ኪስ የሚሄደው ግን እንደታሸገ ነው። ስለዚህ ዛሬ እንደልቤ እጽፍልዎታለሁ።

ዛሬ የፈረንጆች ስቅለት ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው። ከጁምዓ በኋላ ትልቁ ዝናብ መጣ። የኢስትሊ ጎዳና ጭቃ ሆኗል፤ ሻጮቹ ሸቀጣቸውን በላስቲክ ሸፍነው በየበረንዳው ተጠግተዋል፤ ማታቱ የሚሉት የሚኒባስ ታክሲ ጡሩምባ እንኳ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላል። ልጄ ራሂማ አልጋዬ ላይ ተኝታለች። በጾም ጊዜ፣ ከዐስር ሰላት በፊት፣ ሰው ነቅቻለሁ እያለ የሚያልምበት ሰዓት አለ። እኔም በዚያ ሰዓት ውስጥ ሆኜ ነው ብዕሩን ያነሳሁት።

ባለፈው ደብዳቤዎ ስለ ባሌ የጠየቁኝ ጥያቄ ከራሴ አልወጣም። «ፈድሉ ከኮምፒዩተር ጋር ይሠራል እያልኩ ለሰው ስናገር ኖርኩ፤ አሁን ካረፈም በኋላ እንደዚያው እላለሁ። ግን ልጄ ምን ነበር የሚሠራው? እኔ ኮት ስሰፋ ኮቱ ይታያል። የእሱ ሥራ የት ነው ያለው?» ብለው ነበር። በሞምባሳ መንገድ የመኪና አደጋ ልጅዎን ሲወስደው የመውጫ ቪዛ ተከልክለው፣ እዚህ ካሪዮኮር መቃብር ስንቀብረው አፈር ሳያለብሱት የቀሩ አባት እንዲህ ብለው ሲጠይቁ፣ «ለማስረዳት ይከብዳል» ማለት ነውር ነው። እኔ ግን ቃሉን አጥቼ ከረምኩ። በቅርቡ አንድ ነገር ደረሰ። እሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብነግርዎ የልጅዎን ሥራ ያዩታል ብዬ አሰብኩ። ውስጡ የሚከብድዎ ነገር አለ፤ ቢሆንም እስከ ታች ያንብቡልኝ።

ፈድሉ ይሠራበት የነበረው፣ እሱ ካረፈ በኋላም እኔ ወንበሩን የያዝኩበት ድርጅት፣ ዌስትላንድስ ያለ የመድኃኒት አስመጪ ነው። ቀድሞ እኔም ከተማ መሀል ባለ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ሙያ እሠራ እንደነበር ያውቃሉ። ከየገጠሩ ሆስፒታል ትእዛዝ ይመጣል፤ ይህን ያህል ፋሻ፣ ይህን ያህል መርፌ እየተባለ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገባል። ኮምፒዩተሩ የልብስ ቁም ሳጥን ያክላል፤ በቀዘቀዘ ክፍል ለብቻው ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። በራሱ ግን ምንም አያውቅም። «ይህን አንብብ፣ ያንን መዝገብ ግለጥ፣ ካገኘህ ይህን አድርግ» እያለ ሰው መስመር በመስመር ሊጽፍለት ይገባል። ጽሑፉ ፕሮግራም ይባላል። ልጅዎ ይጽፍ የነበረው ይህን ነው። የእሱ ፕሮግራም እያንዳንዱን መድኃኒት ከመዝገቡ እየፈለገ ለመጋዘን ሠራተኞች ወረቀት ያወጣል፤ ስንት ካርቶን፣ ከየትኛው መደርደሪያ፣ በበረዶ ታሽጎ ወይስ ያለ በረዶ። በረሃ ውስጥ ያለ ሐኪም ሳጥን ከፍቶ የሚያገኘው ነገር ሁሉ በፈድሉ መስመሮች አልፎ የመጣ ነው።

ባለፈው ወር፣ በሞያሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ የሚስዮን ሆስፒታል በሬዲዮ መልእክት መጣ። አንዲት ሴት ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ደም የሚያቆመውን መርፌ ወጓት፤ ደገሟት፤ እንደ ውሃ ሆነ። ባሏ ደሙን ሰጥቶ፣ ሐኪሙም ሆዷን በእጁ ጨብጦ ይዞ፣ አላህ አተረፋት። መርፌው ከእኛ ዘንድ የሄደ ነበር። አዲስ ዓይነት ነው፤ በበረዶ መጓዝ ሲገባው በተራ ካርቶን፣ በከባድ መኪና ጀርባ፣ ፀሐይ ቀቅሎት ነው የደረሰው።

ካርቶኑን ያሸገችው የመጋዘኑ ሠራተኛ ዋንጂሩ ናት። ሆስፒታሉ ወረቀቱን ጥሎታል። አለቃችን ሚስተር መህታ መርፌውን ለብቻው ኮምፒዩተሩ ላይ አስገብቶ ወረቀት ሲያወጣ፣ የበረዶው ቦታ ባዶ ሆኖ ወጣ። ባዶ ከሆነ ደግሞ ደንቡ «ፋርማሲስቱን ጠይቂ» ነው። አልጠየቀችም ተብላ ከሥራ ታገደች።

የእግድ ደብዳቤዋን ልትወስድ በመጣች ቀን የቢሮው ደረጃ ላይ አገኘችኝ። እዚህ ሴትን በልጇ ስም ነው የሚጠሩት።

«ማማ ራሂማ፣» አለችኝ፣ «ወረቀቱ ባዶ አልነበረም። በረዶ አያስፈልገውም ይላል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሳጥኑ ላይ አልተጻፈም ነበር?»

«ሳጥኑ ላይ ያለው የማላውቀው ቋንቋ ነው። ታዲያ ከወረቀቱ በቀር ምን ልመን?» አለችና፣ «ከሥራ መውጣቱን እችለዋለሁ። ያቺ ወላድ በእኔ እጅ ልትሞት ነበር መባሉን ግን አልችለውም» አለችኝ።

ለሚስተር መህታ ነገርኩት። ሽማግሌ ነው፤ ፈድሉን እንደ ልጁ ይወደው ነበር። «ፈድሉ የጻፈው ነገር በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳተም። ሴትዮዋ ትዋሻለች» አለኝ። አባባ፣ አልደብቅዎትም፤ ስለ ዋንጂሩ ማዘን ሲገባኝ በባሌ መመስገን ደስ አለኝ።

ከሞተ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ስለ ፈድሉ የሚያወራው እንደዚህ ነው። የማይቆጣ፣ የማይረሳ፣ የማይሳሳት። እኔም አብሬ አወራሁ። እየቆየ ሲሄድ ባሌ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ሆነብኝ። ድምፁን ላስታውስ ስሞክር የሚሰማኝ የሰው ምስጋና ነበር።

የዋንጂሩ ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ። ፕሮግራሙን አሳትሜ ቤት ወሰድኩት፤ ወለሉን ሞላው። እየተንበረከኩ አነበብኩ፤ ራሂማም በዳሩ ላይ ዶሮ ሣለችበት። ምንም አላገኘሁም። የሚወዱትን ሰው ጽሑፍ ሲያነቡ ዓይን የሌለውንም እየሞላ ያልፋል።

በዚያው ሰሞን ለኮምፒዩተሩ አዲስ ቴፕ መጣ። ውስጡ ዲበገር የሚሉት መሣሪያ ነበረበት። በእኛ ሙያ ስህተትን ትኋን ይሉታል፤ ዲበገር እንግዲህ ትኋን አራጋፊ መሆኑ ነው። ይሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ በፊት ፕሮግራም ሲሄድ አይታይም። በአንድ በኩል ትእዛዙ ይገባል፣ በሌላው ወረቀቱ ይወጣል፤ መሀል ላይ የሆነው በግምት ነው። በዚህ መሣሪያ ግን ፕሮግራሙ ከነጽሑፉ እንደ ቴሌቪዥን ባለው የማሽኑ መስኮት ላይ ይወጣል። የፈለጉት መስመር ላይ «እዚህ ቁም» ይሉታል፤ ሲደርስ ይቆማል፤ መስመሩም ይበራል። በዚያች ቅጽበት ምን ምን እንደያዘ ይጠይቁታል፤ ያሳይዎታል። ቁልፍ ሲጫኑ አንድ መስመር ይራመድና እንደገና ይቆማል። እርስዎ የተበላሸ ስፌት ይዘው ክሩ የሳተበትን እስኪያገኙ አንድ አንዱን እየፈቱ እንደሚሄዱት ነው። ልዩነቱ፣ ይህ ልብስ ሰውየው ለብሶት እየሄደ ሳለ መሆኑ ነው።

የሞከርኩት በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ሰዉ ለምሳ ሲወጣ ነው። ያን ቀንም ዝናብ ነበር። የቀዘቀዘው ክፍል ያጉረመርማል፤ መስኮቱ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ፤ ሆዴ ባዶ፣ ራሴ ቀላል። ያ ሆስፒታል የላከውን ትእዛዝ እንዳለ አስገብቼ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ልንገርዎት። ማሽኑ ለስም ከስድስት የላቲን ፊደል በላይ አይቀበልም። ሌላው ሰው የእንግሊዝኛ ቃል ቆራርጦ ይሰጠዋል። ፈድሉ ግን ስሞቹን በአማርኛ ነው ያወጣቸው። መድኃኒቱን «መድኃን»፣ የበረዶውን ትእዛዝ «በረዶ» ብሎታል። ሚስተር መህታ በረዶ የኪኩዩ ቃል ይመስለው ነበር፤ ዋንጂሩ ደግሞ የህንድ።

አንዱ መስመር በራ። ቁልፉን ተጫንኩ። ቀጣዩ በራ። ከፈድሉ ኋላ ኋላ የምሄድ መሰለኝ። እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ይፈትሻል፤ ጥንቁቅ ነው። እዚያ ጋ በአጭር ይቆርጣል፤ ሰልችቶታል። ያን ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ በረጅም ኮሪደር ቀድሞኝ ሲሄድ፣ በየበሩ እየቆመ እስክደርስበት ሲጠብቀኝ አየሁት። አንዳንዴ ቁልፉን ሳልጫን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ካልተጫንኩ አይሄድም። ዝናቡ ይወርዳል፣ መስመሩ ይበራል፣ እሱ ቆሟል። ያንን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገርዎት፤ ልቤ ያረፈበት ጊዜ ነበር።

ኋላ ግን ተጫንኩ። የዋንጂሩ ጉዳይ ነበረኝ።

በትእዛዙ ላይ መጀመሪያ ያለው ፋሻ ነው። ፕሮግራሙ ፋሻን ከመዝገቡ ፈለገ፤ አገኘ። «በረዶ» ምን እንደያዘ ጠየቅሁት፤ «አያስፈልግም» አለኝ። ልክ ነው። ቀጥሎ ያ መርፌ መጣ። ፈለገው፤ አላገኘውም፤ አዲስ ስለሆነ መዝገብ ውስጥ የሚያስገባው ልጅ ገና አላስገባውም ነበር። «በረዶ»ን እንደገና ጠየቅሁት። አሁንም «አያስፈልግም» አለኝ። ያ የፋሻው መልስ ነበር። የሚፈልገውን ሲያጣ፣ ቀድሞ ያገኘውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀጠለ። መርፌው ለብቻው ሲመጣ በእጁ ምንም ስለሌለ ባዶ ያወጣል፤ ሚስተር መህታ ያየው ያንን ነው። ከፋሻ ኋላ ሲመጣ ግን የፋሻውን ቃል ይወስዳል። ዋንጂሩ እውነቷን ነበር።

የተሳሳተውን ቦታ ደግሜ አየሁት። «መዝገቡን ፈልግ» ይላል። «ካጣህ ምልክት አብራ» ይላል። ምልክቱም ይበራል። ምልክቱ ሲበራ ምን እንደሚደረግ የሚናገረው መስመር ግን የለም። ፈድሉ አልጻፈውም።

ከየመስመሩ ዳር ማሽኑ ራሱ የሚያኖረው ቀን አለ፤ መስመሩ የተጻፈበት። ፕሮግራሙ ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ሲሻገርም ቀኖቹ አብረው መጥተዋል። «ምልክት አብራ» የሚለው መስመር የተጻፈው ራሂማ የተወለደች ዕለት ነው። ከሥሩ ያለው ሳምንት ቆይቶ የተጻፈ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚናገር ነው።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ምጥ ያዘኝና ጎረቤቴ ቢሮ ደወለችለት። ሆስፒታል ሲደርስ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ነበር። ነርሷ «ይህ ደግሞ አናጢ ነው?» ብላ ሳቀችበት። ልጅቱን ሲሰጡት በየት በኩል እንደሚይዛት ጠፍቶት፣ እንደ ሰሃን በሁለት መዳፉ ይዟት ቆመ። ያንን ሁሉ ረስቼው ነበር። አባባ፣ በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ሻይ ጥዶ የሚረሳው፣ አንድ ጫማ አስሮ ሌላውን ሳያስር ስልክ የሚያነሳው ሰውዬ እዚያ ነበር። ስህተቱን ሳገኝ እሱን አገኘሁት።

ሳቄ ሲያልፍ ፈራሁ። መሣሪያውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መስመሩን ዝም ብዬ ብጨምር ማንም አያውቅም፤ የፈድሉ ስም እንደተመሰገነ ይኖራል፤ የሚጠፋው የዋንጂሩ ስም ብቻ ነው። ውዱእ አድርጌ ዐስርን ሰገድኩ። ከዚያ ሚስተር መህታን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩትና፣ መስመር በመስመር እየቆምኩ አሳየሁት። ሲገባው መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አለኝ። ያውቀው ነበር።

«ባለቤቴ ነው።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መድኃኒቱን መዝገብ ያላስገባው ልጅ ጥፋት ነው ማለት እንችላለን» አለ።

«እሱም አጥፍቷል። ግን ፕሮግራሙ አላገኘሁም ማለት ሲገባው የሌላውን መልስ ሰጠ። ሴትዮዋን ያሳሳታት ይህ ነው።»

«እንግዲያው የፈድሉን ስም ከላዩ ላይ እናንሳው። ለአንቺም ለልጅሽም ይሻላል።»

«አይነሳ» አልኩት። «ሥራው የእሱ ነው። የጎደለውን እኔ ከሥሩ እጽፋለሁ።»

ቀኑ የራሂማ ልደት መሆኑን ለእሱ አልነገርኩትም። ምክንያት ያመጣሁለት እንዳይመስል ነው። የነገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሚስተር መህታ ራሱ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወዳለው መጋዘን ሄዶ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ዋንጂሩን ይቅርታ ጠየቃት። እኔም አብሬ ነበርኩ። እሷ ጋዋኗን ከሚስማሩ አውርዳ ለበሰች። ስወጣ ግን እስከ በሩ ተከትላኝ እጄን ያዘችና «ፖሌ፣ ማማ ራሂማ» አለችኝ። አይዞሽ ማለቷ ነው። የተበደለችው እሷ፣ የምታጽናናው እኔን። ማታቱ እስኪመጣ አብረን ቆምን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ «ምልክቱ ከበራ በረዶን ባዶ አድርግ» የምትል። ማሽኑም ዳሯ ላይ የዕለቱን ቀን አኖረባት። አዲሱ መርፌ በበረዶ ታሽጎ ወደ ሰሜን ሄዷል። ያቺ እናትም ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ መግባቷን በሬዲዮ ሰምተናል፤ አልሐምዱሊላህ።

እንግዲህ የጠየቁኝ ይኸው ነው። የልጅዎ ሥራ እዚያ ነው ያለው። አሁንም በየቀኑ ይሄዳል፤ አሁን በዚህች ሰዓት እንኳ በአንድ የገጠር ሆስፒታል ሳጥን የሚከፍት ሰው ይኖራል። ስህተት አለበት መባሉ ከከበደዎ ይቅር ይበሉኝ። እኔን ቀለለኝ።

ስለ ራሂማ የጻፉልኝንም ደጋግሜ አነበብኩት። ጦርነቱ ጋብ ሲል ወደ እርስዎ እንድልካት፣ በአያቶቿ እጅ፣ በአባቷ ቤት እንድታድግ ብለዋል። ከፍቅርዎ መሆኑን አውቃለሁ። ደህና ናት። ከሚያዝያ ዕረፍት በኋላ ሁለተኛውን የትምህርት ወቅት ትጀምራለች፤ መምህሯም ትወዳታለች። ስዋሂሊው ከአማርኛዋ እየቀደመ አስቸግሮኛል፤ እርስዎንም «ባቡ» ነው የምትልዎ፣ አያቴ ማለቷ ነው። ፎቶዎን እያሳየች ለጎረቤት ልጆች «ባቡ ያንጉ»፣ የእኔ አያት፣ ትላለች። ዋንጂሩም እሁድ እሁድ ወደ ቤቷ ትወስዳታለች፤ እዚያ ዶሮ ስታባርር ትውላለች።

ኢስሀቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ክር ይሰጥዎታል። ቀዩ ቁመቷ ነው፣ ነጩ ደረቷ፣ አጭሩ ክንዷ። ሜትር ስላጣሁ በክር ለካኋት፤ እየሳቀች አልቆምልሽ ብላኝ ነበር፣ ትንሽ ሊሳሳት ይችላል። ቀሚስ ይስፉላትና በእሱው ይላኩልኝ። ለዒድ ባይደርስም ግድ የለም። ከታች ግን ሰፋ ያለ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ይተዉልኝ። ቶሎ ቶሎ ነው የምትረዝመው፤ በየዓመቱ እዚህ እኔ እየፈታሁ አስረዝምላታለሁ።

አላህ ለእርስዎም ለእማማ ኩለሱምም ጤናውን ይስጥ። ፈድሉን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ለአገሩም ሰው የሚያርፍበትን ቀን ያምጣለት። አፍጥር ሊደርስ ነው፤ ራሂማም ነቅታ የት ነሽ እያለችኝ ነው።

ልጅዎ
ዘኪያ